ቤተ ኅብስት፦ የጌታ ልደትና የአዲስ አበባ ታላላቅ ቤቶች



ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በጾመ ነቢያት የቆየው ምእመን የልደትን ሌሊት በማኅሌትና በቅዳሴ አሳልፎ ሊነጋጋ ሲል ወደየቤቱ ይመለሳል። የሚመለስበት ቤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከአያቶቹ በወረሰው ግቢ የሚኖር አለ፤ በቀበሌ ቤት ልጅ ወልዶ የልጅ ልጅ ያየ አለ፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያፈጥር አለ፤ በገላን ወይም በዱከም ገና ቀለሙ ባልደረቀ ቤት የመጀመሪያውን በዓል የሚያከብርም አለ። በዓሉ ወደ እነዚህ ሁሉ ይገባል። በዚህ ዕለት ስለ ቤት መነጋገር እንግዲህ ከበዓሉ መውጣት አይሆንም። የልደት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ቤት ከማጣት ነውና።

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን ዮሴፍና እመቤታችን ለሕዝብ ቆጠራ ከናዝሬት ወደ ቤተልሔም በወጡ ጊዜ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኙም። ሕፃኑም በመጠቅለያ ተጠቅልሎ በግርግም ተኛ። ዮሴፍ ለቤተልሔም ባዕድ አልነበረም፤ ከዳዊት ወገን በመሆኑ ከተማዪቱ የአባቶቹ ነበረች። ማረፊያ ያጣው በገዛ አባቶቹ ከተማ ነው። በዚያች ሌሊት በቤተልሔም ሰፊ ቤት፣ የተነጠፈ አልጋና የሞላ ጎተራ የነበራቸው ሰዎች አልጠፉም ይሆናል፤ ነገር ግን ስማቸውን ያነሣ የለም። እስከ ዛሬ ሲነሣ የሚኖረው በረቱ ነው።

ሊቃውንት ቤተልሔም የሚለውን ስም ሲተረጉሙ ቤተ ኅብስት፣ የእንጀራ ቤት ይሉታል። ለዚህም ነው በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ያቺ ትንሽ ቤት ቤተልሔም የምትባለው። ከታላቁ ሕንፃ አጠገብ ስትታይ ማድቤት ትመስላለች። ጉልላት የላትም፤ ሥዕልም አያጌጥባትም። ነገር ግን ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጀው በእርስዋ ነው። መሶበ ወርቁ ተሸፍኖ፣ ቃጭል እየተመታ ከእርስዋ ካልወጣ በካቴድራልም ቢሆን ቅዳሴ አይገባም። ታላቁ ቤት ከታናሿ ቤት ይቀበላል ማለት ነው።

እንግዲህ ቤትን ታላቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የድንጋዩ ውበት፣ የባለቤቱ ማዕረግ ወይስ በውስጡ የሚቆረሰው እንጀራ? ይህን ጥያቄ በታላላቅ ቤቶቻቸው ስም ባወጡት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ታሪክ መርምረን፣ ዛሬ ከእነዚያ ሰፈሮች ተነሥተው በከተማዪቱ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለሚኖሩት ወገኖቻችን የሚሆን ምን ትምህርት እንደሚገኝበት እንመልከት።

ኮረብታውና ሰፈሩ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፍል ውሃ አካባቢ ስትቆረቆር አሰፋፈርዋ ከጦር ሠራዊት አሰፋፈር የተወሰደ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ በመካከለኛው ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ላይ ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ። እያንዳንዱ ባለ ማዕረግ የሚሰፍረው ከነወታደሩ፣ ከነአገልጋዩና ከነዘመድ አዝማዱ ነበር። የጌታው ቤት በጉብታው አናት ላይ ይቆማል፤ የተከታዮቹ ጎጆዎች ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ይደረደራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚህ የተገኙ ናቸው። በሙያ የተሰየሙም አሉ፤ የእጅ ባለሙያዎቹ ሠራተኛ ሰፈር ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚህ አሰፋፈር የተነሣ አዲስ አበባ አንድ ጠባይ ይዛ አደገች። በብዙ የዓለም ከተሞች ባለጠጋው በአንድ ወገን፣ ድኃው በሌላ ወገን ተለይቶ ሲሰፍር፣ በእኛ ዘንድ የራሱ ቤትና የእንጨት ለቃሚዋ ጎጆ በአንድ አጥር ሥር፣ በአንድ ደብር አጥቢያ ውስጥ ተጎራብተው ኖሩ። ሁለቱም አንድ ደወል ይሰማሉ፤ ከአንድ ታቦት ይሳለማሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ የቆሙ፣ ሣር የለበሱ ነበሩ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶውና የቤት መሥሪያው እንጨት እየራቀ በመሄዱ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ሥራ አስጀምረው እንደ ነበር ይታወቃል። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ በፍጥነት እየበቀለ ችግሩን ስላቃለለው ከተማዪቱ በቦታዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ገደማም የከተማ ቦታን በግል ይዞታነት ለመያዝ የሚያስችል ደንብ ወጣ። ቦታው የእኔ ነው፣ ከተማውም አይነቀልም ብሎ ያመነ ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት መሥራት ጀመረ።

የዚህ ሁሉ እምብርት አራዳ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸውና በ1903 ዓ.ም. የተፈጸመው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በዚያ ቆሟል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእርሱ ነው። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወራቸው በፊት ታላቁ ገበያ የሚውለው ከዚሁ ካቴድራል አጠገብ ስለ ነበር፣ መኳንንቱና ነጋዴው፣ አርመኑና ሕንዱ፣ ግሪኩና የመኑ ሁሉ ቤቱን በዙሪያው አነጸ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ነጋድራስ፣ በኋላም ቢትወደድ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤታቸውን ያሠሩት በዚህ አካባቢ ነው። እቴጌ ጣይቱም በ1890ዎቹ መጨረሻ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙት በዚሁ በአራዳ ነው።

አዳራሹና ደጃፉ

የዚያ ዘመን ታላቅ ቤት ሲታይ ወዲያው ይታወቃል። መሠረቱና ምድር ቤቱ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ፎቁ ብዙውን ጊዜ እንጨትና ጭቃ ሆኖ በኖራ ይለሰናል። በዙሪያው ሰፊ በረንዳ ይዞራል፤ የበረንዳው መከለያና የጣሪያው ክፈፍ እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጣል። ጣሪያው በብዙ አቅጣጫ ተዳፍቶ ቆርቆሮ ይለብሳል። ሕንዳውያን፣ አርመናውያንና ሌሎችም የውጭ አገር ባለሙያዎች ከአገሩ አናጢና ግንበኛ ጋር አብረው ስለ ሠሩት የሁሉም እጅ በአንድ ቤት ላይ ይነበባል።

ቤቱ ግን ብቻውን አይቆምም። እልፍኝ አለው፤ ግምጃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ፈረስ ቤት አለው። ከሁሉም የሚበልጠው አዳራሹ ነው። በበዓል ቀን ግብር የሚገባው በአዳራሹ ነበርና የጌታው ክብር የሚለካው በእልፍኙ ምንጣፍ ሳይሆን በአዳራሹ በሚበላው ሰው ብዛት ነበር። አጋፋሪው ያስገባል፤ አሳላፊው ያዞራል፤ ጠጁ በብርሌ ይወርዳል። በልደትና በትንሣኤ በሩ የተዘጋ ጌታ ሀብቱ ቢበዛም ስስታም ተብሎ በሰፈሩ ይታማ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ስናስብ ያልነበረውን ማጣፈጥ አይገባም። በአዳራሹ የሚቀመጠው ሁሉ እኩል አልነበረም። ማዕርጉ ከፍ ያለው አስቀድሞ ከጌታው አጠገብ ይቀመጣል፤ ተራው ወታደር በኋላ ይገባል፤ ድኃው ደግሞ የተረፈውን በደጅ ይጠብቃል። ደጅ ጥናት የሚባለውን ልማድ የማያውቅ የለም፤ ለአቤቱታ የመጣ ሰው ከበሩ ላይ ወራትና ዓመታት ይቆም ነበር። እህሉን የሚፈጩት፣ ውሃውን የሚቀዱት፣ እንጨቱን የሚፈልጡት ሰዎች ድካም፣ ከእነርሱም መካከል በባርነት የተያዙት እንባ፣ ከዚያ ማዕድ በታች አለ።

ጌታችን ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር የተናገረውን ምሳሌ እዚህ ላይ እናስታውስ። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ነዌ የሚባለው ያ ባለጠጋ የተወቀሰው ታላቅ ቤት ስለ ሠራ አይደለም። በደጃፉ የወደቀውን ሰው ሳያይ በየቀኑ በመግባቱና በመውጣቱ ነው። አብርሃም ባለጠጋ ነበር፤ ነገር ግን በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኛን ይጠብቅ ስለ ነበር ሥላሴን አስተናገደ። ዘኬዎስም ባለጠጋ ነበር፤ ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ስለዚህ የታላቅ ቤት መዛኙ ሰገነቱ አይደለም፤ ደጃፉ ነው።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ምድጃ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። የወር ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው፣ እስከ 100 ብር ድረስ ያለው፣ በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለትም በቀበሌ ሥር ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ላባቸውን አንጠፍጥፈው ለሠሩ ባለቤቶች ዕለቱ የኀዘን ዕለት ነበር፤ በአባታቸው ግቢ በአንዲት ክፍል ተወስነው የቀሩም ነበሩ። መጠጊያ ላልነበረው ደግሞ የመግቢያ ቀን ሆነ። ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ የታላላቆቹ ቤቶች ኑሮ ተለወጠ። ግብር ይገባበት የነበረው አዳራሽ በኮምፔንሳቶና በጣውላ ተከፋፍሎ አራት፣ አምስት ቤተሰብ ያዘ። በረንዳው በቆርቆሮ ተዘግቶ ለአንድ ቤተሰብ ማደሪያ ሆነ። በፈረስ ቤቱ ሙሽሮች ጎጆ ወጡበት። የአቡጀዲ ኮርኒስ ከላይ፣ የሚንቋቋ የእንጨት ወለል ከታች ሆኖ፣ ጎረቤት ያስነጠሰ እንደ ሆነ ከግድግዳው ወዲያ «ይማርህ» የሚባልበት ኑሮ ተጀመረ።

በእንዲህ ያለ ግቢ የኖረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቧንቧው አንድ ነው፤ ባልዲው በተራ ይሰለፋል። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ማን ምጣድ አበዛ፣ ማን ካውያ ሰካ እየተባለ ይጨቃጨቁበታል። መጸዳጃው አንድ ነው፤ ቁልፉ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። በዚህ ምክንያት ተኳርፎ ሰላምታ የሚነፋፈግ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ነገር ግን በዓል ሲቃረብ የንስሐ አባት ወይም የግቢው ሽማግሌ በመካከል ይገባል፤ ተጣልቶ መቁረብ፣ ተኳርፎ መፈሰክ ነውር ነበርና እርቁ ይወርዳል።

የልደት ዋዜማ ሲደርስ ያ የተከፋፈለ ቤት እንደገና አንድ አዳራሽ ይሆን ነበር ማለት ይቻላል። አቅም ያለው በግ ይገዛል፤ ለብቻው የማይችለው ቅርጫ ይገባል። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ሲከፈል ዕጣ የሚወጣው ማንም ማንንም እንዳይበልጥ ነው፤ ከፍ ያለ ደመወዝተኛውም ጡረተኛውም የዕጣውን ያነሣል። ዶሮው ከየምድጃው ይሸታል። ድፎው የሚጋገርበት ሰፊ ምጣድ ያላት እናት ምጣዷ ከቤት ቤት ሲዞር ያድራል። ማለዳ ከቅዳሴ መልስ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ልጆች ሰሐን በመሶብ ወርቅ ጨርቅ ሸፍነው በየበሩ ይላካሉ፤ «እማማ፣ እንኳን አደረስዎ ብላለች እናቴ» ይላሉ። ሰሐኑም ባዶውን አይመለስም። ሙስሊሙ ጎረቤት ዳቦውንና ቡናውን አብሮ ይካፈላል፤ በዒድ ደግሞ የእርሱ ጣፋጭ ወደ ክርስቲያኑ ቤት ይመጣል። ልጅ የሌላቸው አሮጊት በዚያ ግቢ ብቻቸውን በዓል ውለው አያውቁም፤ አንዱ ቤት ሳይጠራቸው ሌላው ይቀድመዋል።

እነሆ፣ በጌታው ዘመን ድኃው የተረፈውን በደጅ ይጠብቅበት የነበረው አዳራሽ፣ ግድግዳው አርጅቶ፣ ጣሪያው ዝጎ ሳለ፣ ደሀ ከደሀ ጋር በዕጣ የሚካፈልበት ማዕድ ሆነ። በበረቱ የተወለደውን ጌታ ለሚያስብ ሰው ቤቱ ይበልጥ ታላቅ የሆነው በየትኛው ዘመን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ጣሪያው ሲያፈስ

ማዕዱ እንዲህ ሲሆን ቤቱ ግን ይፈርስ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት በየዓመቱ እንክብካቤ ይሻል፤ ከክረምት በፊት አሸንዳው ይጠረጋል፣ የተነሣው ቆርቆሮ ይመታል፣ የተሰነጠቀው ልስን ይመረጋል። አሸንዳው አንዴ ከተቀደደ ውሃው በግድግዳው ሥር ይጠራቀማል፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይሟሟል፤ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል። በቀበሌ ቤት የሚከፈለው ኪራይ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር አከራዩ ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት፣ ያውም ያለ ፈቃድ፣ ገንዘቡን ማፍሰስ ይፈራ ነበር። ሁለቱም ሲጠባበቁ ዝናቡ አልጠበቃቸውም።

ለጥሩ ሥራ ውለው የተረፉ ታላላቅ ቤቶች መኖራቸው ግን ያጽናናል። የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ቤት በመስቀል አደባባይ አጠገብ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ በከተማዪቱ መቶኛ ዓመት ተከፍቷል። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የነገሥታት እልፍኝ የነበረው የተማሪዎች መዋያ ሆነ። በጉለሌ የሚገኘው የአሶሳው ገዥ የሼህ ሆጀሌ ቤትም የዚያ ዘመን የሕንፃ ጥበብ ምስክር ነው። የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ሰው እንደ ዘመድ ሞት አዝኖለታል። ቅርስ ለመጠበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 አለ፤ ነገር ግን ሕግ ብቻውን አሸንዳ አይጠርግም። ቅርስ የሚጠበቀው በውስጡና በዙሪያው ያለው ሰው ሲወደውና የሚወደውም ሰው አቅም ሲያገኝ ነው።

ከአራዳ እስከ ዱከም

በ1997 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ከነባሮቹ ሰፈሮች ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ የሚፈልሰው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ከፒያሳ፣ ከእነ ዶሮ ማነቂያ፣ ለብዙ ዘመን አብሮ የኖረ ጎረቤት በአጭር ጊዜ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን ሲቪል ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት ምሕጻረ ስም ነው። ከዚያ ከተነሡት ብዙዎቹ በገላን ጉራ ገቡ። ከዚያ እስከ ዱከም ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ቤት መግዛት ወይም በዝቅተኛ ኪራይ መኖር የፈለገም፣ በፋብሪካ ሥራ የተቀጠረም፣ ወደዚያው ተሻገረ።

ዱከምን ብዙው ሰው የሚያውቃት በመንገደኛነቱ ነው። ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ሲወርድ ቆሞ ሥጋ የሚቆርጥባት የመንገድ ከተማ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በአቃቂና በቢሾፍቱ መካከል በእርስዋ በኩል ያልፋል። ዛሬ ግን በኢንዱስትሪ ዞኗ የምትታወቅ፣ የየረር ተራራ በወዲያ ማዶ የሚታያት፣ የጤፍ ማሳ በነበረው መሬቷ ላይ አዳዲስ ቤቶች የሚበቅሉባት ከተማ ሆናለች። ቤቶቹ ንጹሓን ናቸው። ቧንቧው የግል ነው፤ ቆጣሪው የግል ነው፤ አጥሩም ከፍ ያለና በሩ የብረት ነው። ለዓመታት በአንድ ቧንቧ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ለዚህ እግዚአብሔርን ቢያመሰግን ተገቢ ነው፤ ለልጆቹም ጤና ለእርሱም ክብር ነውና።

ችግሩ የሚታየው በዓል ሲመጣ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ዶሮው ይሠራል፤ የሚላክበት ጎረቤት ግን አይታወቅም። ሰሐኑ ከመደርደሪያው አይወርድም። ትናንት በአንድ አዳራሽ አምስት ሆነው የኖሩ ቤተሰቦች ዛሬ አንዱ በየካ፣ አንዱ በቦሌ ዳርቻ፣ አንዱ በገላን፣ አንዱ በዱከም ተበትነዋል። በተለይ ሽማግሌዎች ይጎዳሉ። ያረጁበትን ደብር፣ የሚሳለሙትን ደጀ ሰላም፣ ስማቸውን የሚያውቀውን ባለሱቅ በአንድ ጊዜ ያጣሉ። የቀድሞ ዕድራቸውን ላለመልቀቅ ሁለት መኪና ቀይረው የሚመላለሱ እናቶች አሉ፤ የሚቀብረኝ ማን ነው የሚለው ሐሳብ ከመንገዱ ርቀት ይበልጥባቸዋልና። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት እንዲህ ያለውን ቀን አይተው ነው።

ለዚህ ምን ይደረግ? ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አላት፤ እርሱም የጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞቹ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን በየወሩ በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጽዋው ይቀመሳል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለባለ ተራው ተሰጥቶ በጸሎት ወደ እርሱ ቤት ይሄዳል። ጽዋው ቤቱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ፣ ባለ ፎቅ ነው ወይስ የኪራይ ክፍል ብሎ አይመርጥም። የገባበት ቤት ሁሉ በዚያ ቀን አዳራሽ ይሆናል። በአራዳም ሆነ በካዛንቺስ የነበራችሁ ማኅበርተኞች ብትበታተኑ ጽዋው ርቀቱን ተሻግሮ ይዙር፤ በአዲሱ ሰፈር ማኅበር የሌላችሁም ከአጥቢያችሁ ካህን ጋር ተማክራችሁ ጀምሩ።

ዳግመኛም አዲስ ገቢው በሄደበት አገር ነባሩን ሕዝብ ማክበር ይኖርበታል። በዱከም ዙሪያ ያለው ገበሬ በዚያ ምድር ያረሰ፣ የዘራ፣ አባቶቹን የቀበረ ነው። ቋንቋውን መማር፣ በኀዘኑና በደስታው መገኘት፣ በዓሉን አብሮ ማክበር ከእንግዳ የሚጠበቅ ነው። ዮሴፍና እመቤታችን ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ በተሰደዱ ጊዜ የሌላውን አገር እንጀራ በልተው መኖራቸውን የምናስብ ክርስቲያኖች ይህ አይከብደንም።

በነባሮቹ ሰፈሮች የቀራችሁ ደግሞ የምትኖሩበትን ቤት ታሪክ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ የድሮ ፎቶግራፍና ወረቀት ቢኖር ከዝናብና ከአይጥ አድኑት። ማን እንዳሠራው፣ እነማን እንደ ኖሩበት፣ በአዳራሹ ማን እንደ ተዳረ ልጆቻችሁ ይወቁት። ቤቱ አንድ ቀን ቢነሣ እንኳ ነገሩ አይነሣም።

በዚህ በልደት ማለዳም ሥራው ቀላል ነው። ከማዕዱ ላይ አንድ ሰሐን ይነሣ። ከብረት በሩ ወጥቶ ስሙ እስካሁን ያልተጠየቀው ጎረቤት በር ይንኳኳ። ብቻቸውን የሚውሉ እናት ካሉ ወደ ማዕዱ ይጠሩ፤ መምጣት ካልቻሉ ማዕዱ ወደ እርሳቸው ይሂድ። በቀድሞው ግቢ ተኳርፎ ተለያይቶ እስከ ዛሬ ያልታረቀ ቢኖር ስልኩን አንሥቶ «እንኳን አደረሰህ» ይበል። ጌታ የሚወለድባት ቤተልሔም ሰፊ አዳራሽ አትሻም፤ እንጀራ የሚቆረስባትና ደጃፏ የሚከፈት ትንሽ ቤት ትበቃለች።

በዓሉን የሰላም፣ የፍቅርና የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።